ፍሬሽዋተር ቤይና የዲምቦላ ቤት፦ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶ የተነሳበትን መንደር ለሚጎበኙ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከለንደን ጓደኞቼንና ልጆቻቸውን ይዤ ወደ ፍሬሽዋተር ቤይ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። አንድ ሰው ሄዶ ሲመለስ ሌላው ይደውልልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ዓመቶቹ፣ በሌላ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው የት ነው? ምንድን ነው ያለው?

አይል ኦፍ ዋይት ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። ፍሬሽዋተር ቤይ በምዕራብ ጫፏ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ናት። ነጭ የኖራ ገደል፣ ጠጠራማ የባሕር ዳርቻ፣ አረንጓዴ ኮረብታ አላት። ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ዲምቦላ የሚባል ቤት አለ። ከፊቱ የአበባ ግቢ፣ ውስጡ ሙዚየምና ሻይ ቤት አለው። ከ1860 እስከ 1875 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶ አንሺ የኖረችበት ቤት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ያገናኘናል?

በሐምሌ ወር 1868 የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ፣ እዚች መንደር ውስጥ ካሜሮን ፊት ተቀምጦ ፎቶ ተነሳ። አንገቱ ላይ ጌጥ ያደረገው፣ ያዘነ ፊት ያለው ልጅ ምስል ትዝ ይላችኋል አይደል? እሱ ነው። ብዙዎቻችን ምስሉን እናውቀዋለን። የት እንደተነሳ ግን አናውቅም።

ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አባቱ መቅደላ ላይ የሞቱት በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ማለት ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ ሜይ 15፣ መንገድ ላይ አረፉ። ጨለቆት ተቀበሩ። ፎቶው የተነሳው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ምስሉን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ልጁ እንዴት እዚያ መንደር ደረሰ?

ያመጣው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው፣ አማርኛ የሚናገር፣ ቀደም ሲል ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ዓለማየሁ ወላጆቹን ካጣ በኋላ ከእሱ አልለይም አለ። ስፒዲ ሊያገባት የነበረችው ኮርኔሊያ ኮተን ደግሞ የፍሬሽዋተር ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ እዚያው አፍተን የሚባል ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ልጁም ከእሱ ጋር ወደዚያ ሄደ።

በዚያው ወር ንግሥት ቪክቶሪያ በደሴቲቱ ሌላኛው ጫፍ በሚገኘው ኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ተቀበለችው። ወደደችውም። ቢሆንም ከአገሩ የወጣ ልጅ ነበር፤ ምርጫውን የጠየቀው ማንም አልነበረም። ለልጆቻችሁ ስትነግሯቸው ሁለቱንም ንገሯቸው።

አፍተን የግል መኖሪያ ነው። በር ድረስ ሄዳችሁ አታንኳኩ።

ፎቶውን ያነሳችው ሴት ማን ናት?

ካልካታ ውስጥ በ1815 የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ ነው። በ1863 ገና በዓል ላይ ልጇና አማቿ ስጦታ ሰጧት። የዶሮ ቤቷን የፎቶ ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል አደረገች። በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያ የተሳካላትን ምስል አወጣች። ዕድሜዬ አለፈ ለምትሉ እናቶች ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ሥራው እንደ ዛሬ ጠቅ አድርጎ መሄድ አልነበረም። መስታወት ላይ ኬሚካል ይፈስሳል። ከዚያ ብር ያለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ መግባት፣ ሳይደርቅም መታጠብ አለበት። በኋላ የያዘችው ትልቁ ካሜራ 38 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን መስታወት ይይዝ ነበር። ፎቶ የሚነሳው ሰው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ።

አሁን የሰባት ዓመት ልጅ አስቡ። አገሩን፣ አባቱን፣ እናቱን በጥቂት ወራት ያጣ። በማያውቀው ቋንቋ ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ የተባለ። ፊቱ ላይ የምናየው ጸጥታ ከፊሉ የካሜራው ግዴታ ነው። ከፊሉ ግን የራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሜሮን ስፒዲንም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አንስታዋለች። ካሳ የተባለ ኢትዮጵያዊ አገልጋይም በአንዱ ምስል ላይ አለ። በዚያው በጋ ቻርልስ ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር መንደሯ ውስጥ ከካሜሮን ቤት ተከራይቶ ነበር። አሜሪካዊው ገጣሚ ሎንግፌሎውም በዚያው ሐምሌ መጥቶ በእሷ ካሜራ ተነስቷል። ገጣሚው ቴኒሰን ደግሞ ጎረቤቷ ነበር። ማለትም ልጁ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች በሚመላለሱባት መንደር ውስጥ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ምን እናያለን? የዓለማየሁ ፎቶ አለ?

ስለ ካሜሮን ሕይወትና አሠራሯ የሚያሳዩ ክፍሎች አሉ። የእሷ ሥራዎች ቅጂዎች አሉ። የዛሬ ፎቶ አንሺዎች ኤግዚቢሽንም ይቀያየራል። ቤቱ ራሱ የሚታይ ነው። ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ መሃላቸው ላይ ማማ ሠርታ አገናኝታ አንድ አደረገቻቸው።

የዓለማየሁ ምስል ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ይጠብቀናል ብላችሁ ግን አትሂዱ። ኤግዚቢሽን ይለወጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ። ከኢትዮጵያ ማኅበረሰብ እንደሆናችሁና ለምን እንደምትመጡም ንገሯቸው። የድሮዎቹ ኅትመቶች ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ይኸው ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ2018 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ለእይታ አቅርቦ ነበር። ምስሉን ከድረ ገጻቸው አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ግድግዳ ላይ ከማየት አይተናነስም።

ቤቱ ዲምቦላ የተባለው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የምወደው መልሱ ወደ ቡና ስለሚወስደን ነው። የካሜሮን ባል ስሪ ላንካ ውስጥ፣ ያኔ ሲሎን በምትባለው አገር፣ የቡና እርሻዎች ነበሩት። የቤቱ ስም የመጣው ከአንዱ እርሻ ነው። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ሲሎን ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የደሴቲቱን ቡና ጨረሰው። ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ። ዛሬ ዲምቡላ የታወቀ የሲሎን ሻይ አካባቢ ነው። ቤተሰቡም በ1875 ወደ ሲሎን ተመለሰ፤ ካሜሮን እዚያው በ1879 ሞተች። ዓለማየሁ የሞተው በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ ዲምቦላ ሻይ ቤት ስትቀመጡ፣ በቡና መሬት ስም በተጠራ ቤት ሻይ እየጠጣችሁ ነው።

ሻይ ቤቱ ምን አለው? በጾም ቀን ምን እንበላለን?

በእንግሊዝ ባሕር ዳር የተለመደው ክሪም ቲ ነው። በጀበና መሰል የሸክላ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይመጣል። አብሮት ስኮን የሚባል ትኩስ ኩኪስ መሰል ዳቦ፣ ማርማላታና ወፍራም ክሬም አለ። ሳንድዊች፣ ኬክና ቡናም ይኖራል።

ለጿሚ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስኮን ሲጋገር ቅቤና ወተት ይገባበታል። ክሬሙን ትቼ በማርማላታ እበላዋለሁ ማለት ጾም አያደርገውም። ስታዝዙ ቪጋን ምን አላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ሻይ በአጃ ወተት አብዛኛው ቦታ ይገኛል። እኛ ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በፍልሰታ ስንሄድ፣ ዳቦና ሽሮ ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዘን ባሕር ዳር እንበላለን። ከዚያ ለሻዩ እንመለሳለን።

የራሳችሁን ምግብ ሻይ ቤቱ ግቢ ውስጥ አትፍቱ። ቤቱን የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የምትከፍሏት ሻይ ጣሪያውን ታድሳለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤቱ ሊፈርስ ሲል በ1993 ለማዳን የተነሱት የአካባቢው ሰዎችና ወዳጆቻቸው ናቸው። እነሱ ዝም ብለው ቢሆን ዛሬ የምናየው ነገር አይኖርም ነበር።

ረከቦት ይዘን ሄደን ቡና ማፍላት እንችላለን?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። ግቢ ውስጥም፣ ደረቅ ሳር ባለበት ኮረብታ ላይም ከሰል አታቀጣጥሉ። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ሲኒ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ይዛችሁ ጠጠሩ ላይ ጨርቅ አንጥፉ። ባሕሩን እያዩ መጠጣት በጣም ያምራል። ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ።

ግቢው ውስጥ ጊታር ይዞ የቆመው ጥቁር ሰው ማን ነው?

ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። አሜሪካዊው ጊታሪስት በ1970 ከመንደሩ ጎን ባለው አፍተን ዳውን በተካሄደው የአይል ኦፍ ዋይት ፌስቲቫል ላይ ተጫውቷል። ከሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለንደን ላይ አረፈ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። የነሐስ ሐውልቱ ግቢው ውስጥ የቆመው በ2006 ነው። ፊቱ ወደ ኮረብታው ነው።

ለዓለማየሁም ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ቢቆምለት እመኛለሁ። ትንሽ ድንጋይ፣ ስሙ በአማርኛ የተጻፈበት፣ ይበቃል።

ከለንደን እንዴት ይኬዳል? ፓስፖርት ያስፈልጋል?

ፓስፖርት አያስፈልግም። ደሴቷ የእንግሊዝ አካል ናት፤ ድንበር የለም።

ከዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ትይዛላችሁ። ብሮከንኸርስት ላይ ቀይራችሁ ሊሚንግተን ፒር ትወርዳላችሁ። ከባቡሩ ወርዳችሁ ወደ ፌሪው በእግር ነው። ባሕሩን ማቋረጥ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ያርመዝ ወደብ ያደርሳችኋል። ከዚያ አውቶቡስ አለ። በበጋ ጣሪያ የሌለው ፎቅ አውቶቡስም ይሠራል፤ ልጆች ይደሰቱበታል። እግር ያላችሁ ደግሞ ከያርመዝ በወንዙ ዳር የሚሄደውን የድሮ የባቡር መስመር ያዙ። ባቡሩ በ1953 ቆሟል፤ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። ሜዳ ስለሆነ ጋሪ የምትገፋ እናት አይከብዳትም። እስከ ባሕሩ ድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

በመኪና ከሆነ የፌሪ ቦታ ቀደም ብላችሁ ያዙ። በትምህርት ቤት እረፍት ጊዜ ዋጋው ይንራል። ከሳውዝሃምፕተን ኢስት ካውስ የሚሄደውም ፌሪ ጥሩ ነው፤ ኦዝቦርን ቅርብ ስለሆነ ሁለቱን ለማየት ይመቻል። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ ከሆነ ግን መኪና ይኑራችሁ።

መቼ እንሂድ? በየቀኑ ክፍት ነው?

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው። የመክፈቻ ቀንና ሰዓት እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ሳላጣራ ሄጄ በሩ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ። አብረውኝ የነበሩት አንዲት እናት በአጥሩ በኩል ግቢውን እያዩ፣ ግድ የለም ልጄ፣ አየሩን ተንፍሰናል አሉኝ። ደግ ናቸው። እናንተ ግን ደውላችሁ ሂዱ። ሻይ ቤቱም ከሙዚየሙ ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል። በእርጅና ምክንያት ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ካሉም ያኔውኑ ጠይቁ፤ ቤቱ የድሮ ነው፤ ፎቅ አለው።

ነፋሱን አትናቁት። ለንደን ላይ ሙቀት ቢሆንም ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ።

ልጆች ባሕር መግባት ይችላሉ?

ባሕሩ ዳር አሸዋ አይደለም፣ ጠጠር ነው። ጫማ ይልበሱ። ሞገዱ አንዳንድ ቀን ኃይለኛ ነው፤ ዋና የማይችል ልጅ ብቻውን አይጠጋ። ገደሉ ሥር አትቀመጡ፣ ገደሉ ጫፍ ላይም ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። የኖራ ድንጋይ ይናዳል። በፊት እዚያ ቅስት የሠራ ድንጋይ ባሕሩ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ በ1992 ፈርሷል።

ሌላ ምን አለ?

ቴኒሰን ዳውን የሚባለውን ኮረብታ ውጡ። 147 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ለገጣሚው መታሰቢያ በ1897 የቆመ ትልቅ መስቀል አለ። ባሕሩ በሁለቱም ወገን ይታያል።

ከዲምቦላ ትንሽ ወረድ ብሎ የሣር ክዳን ያላት ቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1908 የተቀደሰች ናት። በደሴቲቱ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን እሷ ብቻ ናት። እናቶቻችን ከሁሉም የሚወዷት እሷን ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያናችንን ትመስላለች ይላሉ። በሩ ላይ ይሳለማሉ።

የቴኒሰን ቤት ፋሪንግፎርድም ቅርብ ነው። በአጥር የተከበበ የአትክልት ቦታ አለው፤ አበባ ለምትወዱ።

ለልጆቹ ታሪኩን እንዴት እንንገራቸው? አያሳዝንም?

ያሳዝናል። ግን መንገድ ላይ፣ ፌሪው ላይ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው። ከስሙ ጀምሩ። ዓለማየሁ ማለት ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። ስንት ዓመቱ እንደነበረ ንገሯቸው። አብሮን የሄደ የስምንት ዓመት ልጅ አንዴ፣ ማን ነው የሚያስተኛው የነበረው አለኝ። የታሪክ መጽሐፍ የማይጠይቀው ጥያቄ ነው። ስፒዲ ማታ ማታ አብሮት እንደነበር፣ ልጁ ብቻውን መተኛት እንደሚፈራ ነገርኩት። ዝም ብሎ እናቱ እቅፍ ውስጥ ገባ።

መቃብሩስ? በዚያው ጉዞ ማየት ይቻላል?

አይቻልም፤ ዊንድሰር ነው ያለው። ዓለማየሁ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም አረፈ። 18 ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ትእዛዝ ዊንድሰር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ዘንድ ተቀበረ። ውስጥ ስሙ ያለበት የነሐስ ጽሑፍ አለ። እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፎበታል። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 ጠይቀዋል። በ2023 ቤተ መንግሥቱ ሌሎች ሙታን ይረበሻሉ ብሎ እንደማይሆን አሳውቋል። በዚያው ዓመት ግን የፀጉሩ ዘለላ ከስፒዲ ቤተሰብ ወጥቶ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል።

ለዊንድሰር ሌላ ቀን መድቡ። ቤተ ጸሎቱ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጸሎት የሚሄድ ግን ይገባል። እኛ የምንሄደው ለኖቬምበር 14 በቀረበው ቀን ነው። ለመምጣት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ትኬቱን አብረን እንቆርጣለን።